ከመግለጫው በፊት ያለው ሥራ

የዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የምረቃ ቀን ነው። ባነር ያሰቀለ፣ ለካሜራ ባለሙያዎች ቦታ የያዘ፣ የክብር እንግዳውን ስም ከነማዕረጉ ሳያዛንፍ ያስነበበ፣ ማታም «ዩኒቨርሲቲው በተለያዩ የትምህርት መስኮች ያሠለጠናቸውን ተማሪዎች አስመረቀ» የሚለውን ዜና ለጣቢያዎች ያደረሰ ሰው። እሱም ሥራ ነው፣ አልናቅሁትም። ግን እመኑኝ፣ ይህ የሥራው ቀላሉ፣ ምናልባትም አሰልቺው ክፍል ነው። የሚያጓጓው ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ መጨረሻ ላይ ከምትመጣ አንዲት አዋጅ በቀር።)

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰዓት ይቆጥራል። ጋዜጠኛው የሚሠራው በዛሬ ነው፤ ወሬውን ለማታው የሁለት ሰዓት ዜና ካላደረሰ ነገ ያረጀበታል። ተመራማሪው የሚሠራው በዓመታት ነው፤ አንድ ነገር አገኘሁ ከማለቱ በፊት ደጋግሞ ይለካል፣ የጻፈውንም የሙያ ባልደረቦቹ እንዲያብጠለጥሉት ይሰጣል። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ የሚያስበው በበጀት ዓመት ነው። የኮሙኒኬሽን ኃላፊው የተቀመጠው በሦስቱ መሐል ነው። አሳምሮ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። የሚጠፋው ነገሩ መቼ መነገር እንዳለበት የሚያውቅ፣ ጊዜው ካልደረሰም ለገዛ አለቃው «ይቆየን» ለማለት አቅምም ድፍረትም ያለው ሰው ነው።

ሥራው እንግዳ አይደለም። በ1900 ቦስተን ላይ የተቋቋመውና የአሜሪካ የመጀመሪያው የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት የሚባለው «ፐብሊሲቲ ቢሮ» ከቀዳሚ ደንበኞቹ አንዱ ሃርቫርድ ነበር። ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በ1904 የራሱን የዜና ክፍል ከፈተ፤ የጀመረውም በኋላ እዚያው የጋዜጠኝነት ትምህርትን የመሠረተው ዊላርድ ብላየር ነው። ያኔም ዓላማው ቀላል ነበር፦ ምሁራኑ የሚሠሩትን ግብር ከፋዩ ገበሬ እንዲያውቅ። ውስብስቡ የመጣው ዩኒቨርሲቲዎች በገንዘብ፣ በፈጠራ መብትና በዝና መሽቀዳደም ሲጀምሩ ነው።

የዚህን ውስብስብ ልክ ለማየት ከዩታ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ማርች 23 ቀን 1989፣ ሶልት ሌክ ሲቲ። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኞችን ጠርቶ ሁለት ኬሚስቶችን አቀረበ፤ የራሱን የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ ስታንሊ ፖንስንና ከእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የመጣውን ማርቲን ፍላይሽማንን። ከባድ ውሃ በያዘ ዕቃ ውስጥ ፓላዲየም ነክረን ኤሌክትሪክ ስናሳልፍበት ካስገባነው የሚበልጥ ሙቀት አገኘን፤ ይህም የኑክሌር ፊውዥን ነው አሉ። ፊውዥን ፀሐይ የምትነድበት ሂደት ነው። ሰው በምድር ላይ ለማምጣት ሚሊዮን ዲግሪዎችን የሚያስተናግድ ግዙፍ መሣሪያ ያሻዋል ሲባል የኖረው ነገር በጠረጴዛ ላይ፣ በክፍል ሙቀት ተገኘ ማለት ነው። እውነት ቢሆን የነዳጅ ዘመን እዚያው ባበቃ!

ለምን ቸኮሉ? እዚህ ጋ ነው ለእኛ ትምህርቱ ያለው። እዚያው ዩታ ግዛት ውስጥ በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ጆንስ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ተቀራራቢ ነገር እየሠራ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ጽሑፎቻቸውን ማርች 24 አብረው ለ«ኔቸር» የሳይንስ መጽሔት ለመላክ ተነጋግረው ነበር። የዩታ ሰዎች ግን የፈጠራ መብቱና የቀዳሚነቱ ክብር አሳሰባቸው። ጽሑፋቸውን አንድ የኤሌክትሮኬሚስትሪ መጽሔት ተቀብሎታል፤ ታትሞ ግን አልወጣም። ወሬው ደግሞ አስቀድሞ አፈትልኮ በዚያው ዕለት ጠዋት «ፋይናንሻል ታይምስ» ላይ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ቀድመው መግለጫ ሰጡ፤ የሙያ ባልደረቦቻቸው ሊያነቡት የሚችሉት አንድም ገጽ በእጃቸው ሳይኖር።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። የዓለም ላቦራቶሪዎች ሙከራውን ለመድገም ተሯሯጡ፤ ግን ምን ይዘው? ጽሑፉ ስለሌለ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የፋክስ ቅጂና የቴሌቪዥን ምስል ይዘው። የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች በቴሌቪዥን ዜና ላይ ብልጭ ያለችውን የጋማ ጨረር መስመር ከስክሪኑ ላይ ቀድተው መረመሩ፤ ቅርጿም ከሚጠበቀው ጋር አይገጥምም ብለው ተከራከሩ። አስቡት፤ የካሜራ ባለሙያው ለድምቀት የቀረጻት ምስል የሳይንስ ማስረጃ ሆና ስትመረመር!

እስከዚያው ግን ፖለቲካው ቀድሞ ሄዷል። የዩታ ምክር ቤት በሳምንታት ውስጥ 5 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቼዝ ፒተርሰን ኤፕሪል ላይ ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ተጨማሪ 25 ሚሊዮን ለመጠየቅ ኮንግረስ ፊት ቀረቡ። በሜይ መጀመሪያ የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር ባልቲሞር ላይ ሲሰበሰብ፣ ሙከራውን ደግመን ምንም አላገኘንም የሚሉ ቡድኖች ተደራርበው ቀረቡ። በስተመጨረሻ ደግሞ ለሕዝብ ግንኙነት ሰው የሚዘገንነው ነገር መጣ፤ ለዚሁ የፊውዥን ጥናት ለቆመው ተቋም «ስሙ እንዲገለጽ ያልፈለገ ለጋሽ» ሰጠ የተባለው ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ከዩኒቨርሲቲው ከራሱ ካዝና የወጣ ሆኖ ተገኘ። መምህራኑ ተቆጡ፤ ፕሬዚዳንቱም ጡረታ እንደሚወጡ አስታወቁ። ተቋሙ በ1991 ተዘጋ።

እኔ በዚህ ታሪክ የዜና ክፍሉን ብቻ አልወቅስም። ውሳኔው የተወሰነው በአስተዳደሩና በፈጠራ መብት ጠበቆቹ ዘንድ ነው፤ ጸሐፊዎቹ የተነገራቸውን ጻፉ። ችግሩም ይኸው ነው። «ጽሑፉ ወጥቷል? ከእኛ ግቢ ውጭ ማን አይቶታል? ነገ ቢሳሳት ምን እንላለን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር ሊኖረው ይገባ ነበር። የኮሙኒኬሽን ኃላፊ የሚመዘነው በዚህ ነው፤ ስብሰባው ካለቀ በኋላ «መግለጫ አዘጋጅ» ተብሎ የሚጠራ ነው ወይስ ስብሰባው ላይ የነበረ?

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ፤ የተቃራኒው ምርጥ ምሳሌ ያለው አፋር ነውና። በ1994 ዮሐንስ ኃይለሥላሴ፣ ያኔ የበርክሌይ ተማሪ፣ በመካከለኛው አዋሽ አራሚስ በተባለ ቦታ የእጅ አጥንት ስባሪ አገኘ። የጥንት የሰው ዘመድ የሆነችው የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ አርዲ ነበረች። ቲም ኋይት፣ ብርሃኔ አስፋው፣ ጊዳይ ወልደገብርኤልና ባልደረቦቻቸው አጽሟን ለዓለም ያቀረቡት መቼ ነው? በኦክቶበር 2009። አሥራ አምስት ዓመት! አጥንቱ ሲነካ የሚፈረፍር ስለነበር ማጽዳቱና መገጣጠሙ ብቻ ዓመታት ፈጀ። ሲወጣ ግን 11 ጽሑፎች በአንድ የ«ሳይንስ» እትም ላይ አብረው ወጡ፤ ጋዜጣዊ መግለጫውም በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተሰጠ። በነዚያ ዓመታት «ምነው ደበቃችሁት» ያሉ የሙያው ሰዎች ነበሩ፤ ትዕግሥትም ዋጋ ያስከፍላል። ቢሆንም መግለጫው በተሰጠ ቀን ጋዜጠኛው የሚይዘው፣ ተቺውም የሚተቸው ሙሉ ሰነድ ነበረ።

እንዲህ ያለው ቅንጅት የሚሠራበትን መላ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ኤምባርጎ ይባላል። ትልልቆቹ የሳይንስ መጽሔቶች ጽሑፉን ለጋዜጠኞች ቀናት አስቀድመው ይሰጣሉ፤ እስከ ተወሰነች ሰዓት ድረስ ግን አይተላለፍም። ጋዜጠኛው በነዚያ ቀናት ተመራማሪውን ያነጋግራል፣ ገለልተኛ ባለሙያ ፈልጎ ይጠይቃል። ከ1996 ጀምሮ «ዩሬክአለርት» የተባለ አገልግሎት ከብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመጡ እንዲህ ያሉ መግለጫዎችን በአንድ ቦታ ያደርሳል።

ታዲያ ሰዓቷ የማን ሰዓት ናት? «ሳይንስ» እገዳውን የሚያነሣው እንደ ልማዱ ሐሙስ፣ በዋሽንግተን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ለአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ይሆናል፤ የሁለት ሰዓቱ ዜና ካለፈ በኋላ ማለት ነው። «ኔቸር» ረቡዕ በለንደን 10 ሰዓት ላይ ሲፈታ ለእኛ ከምሽቱ 12 ወይም 1 ሰዓት ነው፤ እሱ ይሻላል። እንግዲህ ስለ አፋር አጥንት የሚነገረውን ዜና የአፋር ሰው ከሌላው ዓለም ዘግይቶ እንዳይሰማ ከፈለጋችሁ፣ የአዲስ አበባው የኮሙኒኬሽን ኃላፊ ወረቀቱን፣ ሥዕሉንና የአማርኛውን ማብራሪያ ለጋዜጠኞች ቀድሞ ማድረስ፣ እገዳውን እንዲያከብሩም መተማመን አለበት። ሚዲያ ግንኙነት የሚባለው በተግባር ይህ ነው፤ ስልኩን የሚያነሣላችሁ፣ ቃሉንም የሚጠብቅላችሁ ጋዜጠኛ ማፍራት። ይህ ደግሞ በችግር ቀን በመደወል አይገኝም።

ስለ ማጋነንም አንድ ነገር ልበል፤ ሁላችንም የምናማው ጋዜጠኛውን ነውና። የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ባወጡት ጥናት፣ 20 ታላላቅ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች በ2011 ያወጧቸውን 462 የጤና መግለጫዎች ከዋናው ጥናትም ከጋዜጣ ዜናውም ጋር አስተያዩ። 40 በመቶዎቹ ጥናቱ ካለው ያለፈ ምክር ይሰጡ ነበር። በእንስሳት ላይ ከተሠሩት ጥናቶች 36 በመቶ ያህሉ ደግሞ ስለ ሰው እንደተሠሩ ሆነው ቀርበዋል። መግለጫው እንዲህ ካጋነነ ከዜናው 86 በመቶው አጋነነ፤ መግለጫው ሲቆጠብ ግን ያጋነነው ዜና 10 በመቶ ብቻ ነበር። ወሬው የሚነፋው ከግቢያችን ሳይወጣ ነው ማለት ነው። ይበልጥ የሚገርመው፣ ያጋነኑት መግለጫዎች ይበልጥ ዜና ስለመሆናቸው ጥናቱ ማስረጃ አላገኘም። «ትንሽ ሞቅ እናድርገው፣ ያለዚያ ማን ያነበዋል» ለሚል ዲን እጅ ውስጥ የሚያስቀምጡት ጥናት ይህ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ቶሎ ስለ መናገር ነው። ዝም ማለትም የራሱ ጣጣ አለው። በኖቬምበር 2009 ከእንግሊዙ ኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ጥናት ክፍል ከሺህ በላይ ኢሜይሎች ተሰርቀው ወጡ፤ የኮፐንሃገን የአየር ንብረት ጉባኤ ሊከፈት ሳምንታት ሲቀሩት። ከመልእክቶቹ እየተቆረጡ የወጡ ዓረፍተ ነገሮች ሳይንቲስቶቹ ያጭበረበሩ አስመሰሉ። ዩኒቨርሲቲው አውዱን ቶሎና በግልጽ አላስረዳም፤ ባዶውን ቦታ ሌሎች ሞሉት። በ2010 የወጣው የሰር ሚዩር ረስል ምርመራ የሳይንቲስቶቹ ሐቀኝነት የማያጠራጥር መሆኑን አረጋገጠ፤ ግልጽነት ማጣታቸውን ግን ነቀፈ። ቀደም ሲል መረጃ የጠየቁ ሰዎችን ማጉላላቱ ነበር ጥርጣሬውን ያሳደገው። ነጻ ሆነው ሳለ ወራቱን ሙሉ ጥፋተኛ መስለው ኖሩ።

እኛ ጋም ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካላት መረጃ ጠያቂን የሚያስተናግድ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ እንዲመድቡ፣ ጥያቄውም በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲያገኝ ያዛል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም በዚህ ውስጥ ነው። ሠላሳ ቀን ግን ለሰነድ ጠያቂ እንጂ ለወላጅ አይሆንም። ግቢ ውስጥ ግጭት ተነሣ፣ ዶርም ተቃጠለ፣ ተማሪዎች በምግብ ታመሙ ሲባል፣ ጎንደር ወይም ወላይታ ያለች እናት በቴሌግራም የሰማችው መግለጫው ገና ሳይረቀቅ ነው። ከሰዓታት በኋላ የሚመጣውንም ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፦ «ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ውሏል፤ የመማር ማስተማሩ ሂደት በሰላማዊ መንገድ ቀጥሏል።» እናትየው የጠየቀችው ይህንን አልነበረም።

ጥሩ ኃላፊ የመጀመሪያውን መልእክት ለመላክ ሙሉ መረጃ አይጠብቅም፤ ግምትም አይጨምርበትም። ምን እንደሆነና የት እንደሆነ ያረጋገጠውን ብቻ ይጽፋል። ያልተረጋገጠውን «ገና አልተረጋገጠም» ይላል። ወላጅ የሚደውልበትን፣ ሰው የሚያነሣውን ስልክ ቁጥር ያስቀምጣል። ቀጣዩ መግለጫ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ይናገራል፣ አዲስ ነገር ባይኖርም በዚያች ሰዓት ያወጣል። አራት አምስት መስመር ናት። እሷን በሰዓቱ ለማውጣት ግን የጥበቃ ኃላፊው፣ የክሊኒኩ ሐኪምና የተማሪዎች ዲን በእኩለ ሌሊት ቀድመው የሚደውሉት ለእሱ መሆን አለበት፤ ፕሬዚዳንቱም ያለ ፊርማና ያለ ማኅተም እንዲልካት ሥልጣኑን ቀድሞ ሰጥቶት መሆን አለበት። ለዚህ ሥራ የምትወዳደር ጓደኛ ካለቻችሁ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ከደመወዙ በፊት ስለ ማኅተሙ ትጠይቅ።