የበርበሬ ቀንጣሿ ልጅ የት ይዋል?

በርበሬ በረንዳ የምገባው ልሸምት ነው፤ አስነጥሼ እወጣለሁ። በርበሬ የምትቀነጥሰው እናት ግን ከነልጇ እዚያው ትውላለች። ልጁ ዓይኑን ሲያሽ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግለታለች። በእጇ አትነካውም፤ ያቃጥለዋላ!

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዝዝ ነበር። ደግ አዋጅ ነበር። ይህችን እናት የቀጠራት መሥሪያ ቤት ግን የለም፤ የሚከፈላት በቀነጠሰችው ልክ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው «ኦ» ክፍልም አንደኛ ክፍል ለመግባት አንድ ዓመት ለቀረው ልጅ ነው፤ የእሷ ገና ዳዴ ይላል። «አያት የለውም?» ትሉ ይሆናል። አያቱ ገጠር ናቸው።

ማቆያው ከመሥሪያ ቤት አልፎ ሰፈር ቢገባ፣ ወረዳው አንድ ክፍልና ሁለት ሞግዚት ቢመድብ፣ ጠዋት አስረክባው በምሳ ሰዓት ልታጠባው ትመጣለች፤ እጇን በሳሙና ታጥባ።