የተራራው መንገድና የምስሩ ማዕድ



በጀርመን አገር ከሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። የአገሩ ትምህርት ቤቶች «ቫንደርታግ» የሚሉት የእግር ጉዞ ቀን አላቸው። በዚያን ቀን መምህሩ ተማሪዎቹን አስከትሎ ወደ ጫካና ወደ ተራራ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ይበላል፣ ይጠጣል። ሙስሊሙ ወላጅ ግን ከዋዜማው ጀምሮ ይጨነቃል። ቋሊማው ከምን ሥጋ ነው የተሠራው? ሾርባው ውስጥ ምን ገብቷል? ጭንቀቱ ሲበዛበት ልጁን ቤት ያስቀረዋል። ልጁም «እኛ ሙስሊሞች ስለሆንን ተራራ አንወጣም» የሚል ትምህርት ይዞ ያድጋል።

ይህን ግን ዲናችን አላስተማረንም። ቁርኣን በምድር ላይ ተጉዘን የአላህን (ሱ.ወ) ሥራ እንድናስተውል ደጋግሞ የሚያሳስብ ኪታብ መሆኑን መድረሳ ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ልጁን እንከልክለው ወይስ አንከልክለው ከማለታችን በፊት መንገዱንና ማዕዱን ለይተን ብናውቅ ይሻላል።

የጀርመኖች የእግር መንገድ

ጀርመኖች በእግር መጓዝን ከልጅነት እስከ እርጅና የሚይዙት ልማድ አድርገውታል። የሽቫርትስቫልድ፣ ማለትም የጥቁር ጫካ የተጓዦች ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1864 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ የሽቬቢሸ አልብ ማኅበር ደግሞ በ1888 ተመሠረተ። የእነዚህ ማኅበራት አባላት መንገዱን ይጠርጋሉ፤ ዛፍና ድንጋይ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ከዚህም ሌላ በ1975 የወጣው የደን ሕግ ማንኛውም ሰው ለመናፈስ ወደ ጫካ የመግባት መብት እንዳለው ደንግጓል። የጫካው ባለቤት ማንም ይሁን ማን፣ በእግሩ የሚሄደው ሰው የመግቢያ ክፍያ አይጠየቅም።

እውነቱን ለመናገር ከታወቁት መንገዶች ብዙዎቹ ከወይን ጠጅ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ከቦን እስከ ቪስባደን 320 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀውና በ2005 የተከፈተው ራይንሽታይግ፣ እንዲሁም በ2014 የተከፈተው የ365 ኪሎ ሜትሩ ሞዘልሽታይግ በወይን ተክል ተዳፋቶች መካከል ያልፋሉ። በአር ሸለቆ ያለው 35 ኪሎ ሜትር መንገድማ ስሙ ራሱ «የቀይ ወይን ጠጅ መንገድ» ነው። ይህ ሸለቆ በሐምሌ 2021 በደረሰው ጎርፍ ከ130 በላይ ሰዎች ያለቁበት ነው። በእነዚህ ቦታዎች ሰው ከመንደር መንደር እየተጓዘ በየመጠጥ ቤቱ ይቀመጣል። ተራራውና ወንዙ የአላህ ፍጥረት ነውና ማየቱ አይከለከልም፤ ኸምር በሚዞርበት ማዕድ ላይ መቀመጡ ግን ለሙስሊም ቤተሰብ የሚሆን አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ ወደ ሌላ አቅጣጫ፣ ከሽቱትጋርት በስተደቡብ ወደሚገኘው ሽቬቢሸ አልብ ወደተባለው ደጋ እንውጣ።

ውሃ የማይዘው ደጋ

አልብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የኖራ ድንጋይ ደጋ ነው። በጥንት ዘመን የባሕር ወለል ስለነበረ ዛሬም በድንጋዩ ውስጥ የባሕር እንስሳት ቅሪት ይገኛል። የኖራ ድንጋይ ውሃ አይዝም፤ ዝናቡ በስንጥቁ ገብቶ ዋሻ እየቦረቦረ ከሥር ይሄድና ሸለቆው ግርጌ ላይ ምንጭ ሆኖ ይፈነዳል። በዚህም ምክንያት የደጋው ገበሬ ከላይ ተቀምጦ ውሃ ይጠማው ነበር። የጣሪያ ዝናብ በጉድጓድ ያጠራቅማል፤ በድርቅ ጊዜ ደግሞ ከሸለቆው በጋሪ ያመላልሳል። ከ1870ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ግን ካርል ኤማን በተባሉ መሐንዲስ ዕቅድ ውሃ ከሸለቆ ወደ ደጋው በፓምፕ መውጣት ጀመረ። በወሎም ሆነ በሐረርጌ ደጋ ላይ ውሃ ለመቅዳት ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ የወጣ ሰው የዚህን ትርጉም ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

ለቤተሰብ የሚስማማው አንዱ መንገድ ባድ ኡራኽ ከተባለችው ትንሽ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የፏፏቴ መንገድ ነው። ከሽቱትጋርት በባቡር ሜትሲንገን ድረስ፣ ከዚያም በሌላ ባቡር ወደ ባድ ኡራኽ ይኬዳል፤ ከከተማዋ በፊት በፏፏቴው ስም የተጠራ ማቆሚያም አለ። መንገዱ ዙሮ የሚመለስ ሲሆን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከልጆች ጋር ዕረፍቱን ጨምሮ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ቢያዝለት መልካም ነው። ዋናው ፏፏቴ 37 ሜትር ቁልቁል ይወረወራል። ከላይ ሲደረስ ነጭ የድንጋይ ገደል አለ፤ ልጆችን በእጅ መያዝ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከገደሉ ጫፍ ሸለቆው ሁሉ ይታያል።

በደጋው ላይ በግ የሚግጥበት፣ ትናንሽ ጥድ የበቀለበት ገላጣ መስክ ያጋጥማል። ይህ ጥድ ከአገራችን ጥድ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ቁመቱ ግን ብዙ ጊዜ ከቁጥቋጦ አይበልጥም። መስኩን ገላጣ አድርገው ያኖሩት በጎቹ ናቸው፤ እነርሱ ባይግጡት ኖሮ ጫካ በዋጠው ነበር። በዚሁ ደጋ ላይ ከ1514 ጀምሮ ያለው የማርባኽ የመንግሥት የፈረስ እርባታ ይገኛል። የቩርተምበርግ ንጉሥ ቀዳማዊ ቪልሄልም በ1817 ያቋቋሙት የዐረብ ፈረሶች ዘር በ1932 ወደዚህ ተዛውሮ እስከ ዛሬ ይረባል። ከዐረብ አገር የመጣ ፈረስ በጀርመን ደጋ ላይ ሲጋልብ ማየት ልጆችን ያስደስታል።

ጠፍቶ የተገኘው ምስር

አሁን ወደ ማዕዱ እንምጣ። የአልብ ሰው የዘወትር ምግብ ምስር ነው። አዎን፣ እኛው የምናውቀው፣ በሱረቱል በቀራ በበኒ ኢስራኢል ታሪክ ውስጥ ስሙ የተጠቀሰው ምስር። ምስሩን ከካሮት፣ ከባሮ ሽንኩርትና ከሰለሪ ሥር ጋር ይቀቅሉና፣ በቅቤ የተቁላላ ዱቄት ጨምረው ያወፍሩታል። በመጨረሻ አቼቶ ጠብ ያደርጉበታል። የሚበላው «ሽፔትስለ» ከተባለው ምግብ ጋር ነው። ሽፔትስለ ዱቄት፣ ዕንቁላልና ጨው ተለውሶ፣ ከጣውላ ላይ በቢላዋ እየተፋቀ በሚፈላ ውሃ ውስጥ የሚጨመር ሊጥ ነው።

ምስር በአልብ የድሃ እህል ነበር። በጭንጫ መሬት ላይ ይበቅላል፤ ማዳበሪያ አይሻም። ብቻውን ስለማይቆም ከገብስ ወይም ከአጃ ጋር ይዘራል፤ ከታጨደ በኋላ እንደገና መለየት ስላለበት ድካሙ ብዙ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሩ ሲበለጽግና ርካሽ ምስር ከውጭ ሲገባ ገበሬው ተወው። በ1960ዎቹ ምስሩ ከደጋው ጠፋ፤ ዘሩም አብሮ ጠፋ። ሰዉ ምግቡን አልተወም፤ የሚበላው ግን ከሩቅ አገር የመጣ ምስር ሆነ።

በ1985 በላውተራኽ መንደር ቮልደማር ማመል የተባሉ ገበሬ ከሌላ አገር በመጣ ዘር ምስር እንደገና መዝራት ጀመሩ። የጥንቱን የአልብ ዘር ግን በጀርመን ሊያገኙት አልቻሉም። ከብዙ ፍለጋ በኋላ በ2006 ሁለቱም የአልብ ምስር ዓይነቶች ሩሲያ ውስጥ፣ በሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው የቫቪሎቭ ተቋም የዘር መዝገብ ተገኙ። ጥቂት ፍሬ መጣ፤ ተዘራ፤ ተባዛ። ዛሬ «አልብ ላይሳ» በሚል ስም ከመቶ የሚበልጡ ገበሬዎች ያመርቱታል። ላይሳ በአካባቢው አነጋገር ምስር ማለት ነው።

ይህ ታሪክ እኛንም ይነካናል። ተቋሙ የተሰየመባቸው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ወደ አገራችን መጥተው፣ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝተው፣ ከየገበሬው ማሳ የስንዴና የገብስ ዘር የሰበሰቡ ሰው ናቸው። የዓለምን እህል ከረሃብ ለማዳን ሲደክሙ የኖሩት እኚህ ሰው በስታሊን ዘመን ታስረው በጥር 1943 በእስር ቤት በረሃብ ተዳክመው ሞቱ። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር በተከበበችበት ወቅት ደግሞ ከተቋሙ ሠራተኞች መካከል አንዳንዶቹ በእህል ዘር ተከበው፣ አንዲት ፍሬ ሳይነኩ በረሃብ አለቁ። አማና ማለት ይህ ነው። ያኔ ከተማዪቱን የከበበው አገር ልጆች ከስድሳ ዓመት በኋላ የአያቶቻቸውን ዘር ከዚያው ቤት ለምነው ወሰዱ። በሌላ በኩል የአገራችን የዘር ባንክ በ1976 የተቋቋመው በጀርመን መንግሥት እርዳታ ነው። ዘር አንዱ ሕዝብ ለሌላው የሚጠብቀው አደራ መሆኑን ለልጆች ለማስረዳት ከአንድ ሳህን ምስር የተሻለ መጽሐፍ የለም።

በማዕዱ ላይ መጠንቀቅ

ምስሩ ሐላል ነው ማለት ግን በምግብ ቤት የሚቀርበው ሳህን ሐላል ነው ማለት አይደለም። በብዙ ቦታ ምስሩ ውስጥ የአሳማ ሥጋ ተከትፎ ይገባል፤ ከላይም የአሳማ ቋሊማ ይቀመጥበታል። ስለዚህ የሚከተሉትን ቃላት ማወቅ ይጠቅማል። «ሽቫይን» አሳማ ነው፤ «ሽፔክ» ስብ የበዛበት የአሳማ ሥጋ ነው፤ «ሺንከን» ብዙውን ጊዜ የአሳማ ታፋ ነው፤ «ሽማልትስ» ብዙውን ጊዜ የአሳማ ሞራ ነው። «ማውልታሸን» የተባለው በሊጥ የተጠቀለለ ምግብም በአብዛኛው የአሳማ ሥጋ አለበት።

ሰው የማይጠረጥረው ብሬትስል የተባለውን ዳቦ ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚባለው በ1477 ሞት የተፈረደበት የኡራኽ ዳቦ ጋጋሪ «ፀሐይ ሦስት ጊዜ የምታበራበት ዳቦ ጋግር፣ ትድናለህ» ተብሎ ሦስት ቀዳዳ ያለውን ይህን ዳቦ ፈጠረ። ታሪኩ ለልጆች ደስ ይላል፤ ሊጡ ግን አንዳንድ ጊዜ በቅቤ ፈንታ በሽማልትስ ይታሻል። «ሽማልትስ አለበት ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሻጩም ይመልሳል።

የአልብ በግ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የጀርመን ሕግ እንስሳ ሳይደነዝዝ እንዳይታረድ በመርህ ደረጃ ይከለክላል። በጥር 2002 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አንድ ሙስሊም ሥጋ ቆራጭ ያቀረበውን አቤቱታ ተቀብሎ ልዩ ፈቃድ ሊሰጥ እንደሚችል ቢወስንም፣ ፈቃዱ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ስለ አህለል ኪታብ እርድ ዑለማዎች የተናገሩትን ከምታምኗቸው መሻይኾች ጠይቁ።

ከመጠጥ ወገን «ሞስት» የተባለው የፖም መጠጥ የፈላና የሚያሰክር ነው። ያልፈላው ጭማቂ «አፕፍልዛፍት» ይባላል፤ ከጋዝ ውሃ ጋር ሲደባለቅ «አፕፍልሾርለ» ይሆናል። «አልኮሆልፍራይ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቢራ በአገሩ ሕግ እስከ 0.5 በመቶ አልኮል ሊኖረው እንደሚችል አትርሱ።

ለቤተሰብ ጉዞ

ከሁሉ የሚሻለው መላ ስንቅ ይዞ መሄድ ነው። ጀርመኖች ራሳቸው ዳቦና አይባቸውን ቋጥረው ይወጣሉና ስንቅ የያዘ ሰው እንግዳ አይመስልም። ምስሩን ያለ ሥጋ ሠርቶ በትኩሱ በቴርሞስ መያዝ ይቻላል። በጫካ ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ቢሆንም «ግሪልሽቴለ» የሚባሉ የተፈቀዱ የመጥበሻ ቦታዎች አሉ፤ በድርቅ ጊዜ ካልተዘጉ በቀር ከሙስሊም ሥጋ ቤት የተገዛ ሥጋ እዚያ መጥበስ ይቻላል።

ሶላትን በተመለከተ፣ ከሽቱትጋርት ባድ ኡራኽ ያለው ርቀት አብዛኞቹ ዑለማዎች ለመንገደኛ ካስቀመጡት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች ስለሆነ ሶላት አያጥርም። በሰኔ ዙህር የሚገባው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ በመንገድ ላይ ይሰገዳል፤ ትንሽ ምንጣፍና የቂብላ መጠቆሚያ ኮምፓስ ያዙ። በታኅሣሥ ግን ፀሐይ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስለምትጠልቅ በጠዋት መነሳት ግድ ነው። በሣሩ ውስጥ ያለው መዥገር በሽታ ያስተላልፋልና ማታ የልጆችን ገላ ፈትሹ፤ ስለ ክትባቱም ሐኪም አማክሩ። አደጋ ከደረሰ 112 ይደወላል።

ለቫንደርታግም መፍትሔው ከዚህ አይርቅም። ከጉዞው ቀን በፊት መምህሩን አነጋግሩ፤ ልጃችሁ የራሱን ስንቅ እንደሚይዝ በትሕትና አስረዱ። ስንቁንም ከእሱ ሌላ ለሁለት ጓደኞች እንዲበቃ አድርጋችሁ ቋጥሩለት። ማካፈል የለመደ ልጅ የሚበላው ከሌሎች ቢለይም ከማዕዱ አይለይም።

አላህ የምናየውን አስተውለን የምናመሰግነው ያድርገን።