ለሞተር ሳይክል ካቴና የትኛው ዘይት?

የሞተር ሳይክል ካቴና ዘይት የሚፈልገው ከላዩ ይልቅ በውስጡ ነው። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ፒንና ቡሽ አለው። ሁለቱ በደረቁ ሲፋተጉ ብረቱ ይበላል፣ ካቴናው ይረዝማል፣ የሚዞርባቸው ጥርሶችም ጫፍ እንደ መንጠቆ ይቆለመማል።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለካቴና ሁለት ጠላት አላቸው፦ በበጋ የኮረኮንች መንገድ አቧራ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናብና ጭቃ። አቧራ የሚያጣብቅ ነገር ይወዳል። ስለዚህ ግራሶ ወፍራምና አስተማማኝ ቢመስልም መጥፎ ምርጫ ነው፤ ወደ ፒኑ አይዘልቅም፣ አሸዋ ይዞም ብረቱን እንደ ሞረድ ይፍቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም የብረት ብናኝና ጥቀርሻ የተሸከመ ነው፤ በነጻ መገኘቱ አያስመርጠውም።

ለአብዛኛው አሽከርካሪ የሚሻለው ቁጥር 90 የካምቢዮ ዘይት ነው። በስሱ ተቀብቶ ትርፉ በጨርቅ ሲጠረግ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ብዙ አቧራም አይሰበስብም። ውሃ ግን ቶሎ ያጥበዋል፤ ስለዚህ በደረቅ መንገድ በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ በክረምት ደግሞ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ይደገማል። ለካቴና ተብሎ የተሠራው ስፕሬይ ውሃን በተሻለ ይቋቋማል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

የጎማ ቀለበት ያለው ካቴና ግራሶው ከፋብሪካ ታሽጎበት ይመጣል። ቤንዚን ቀለበቱን ስለሚጎዳ በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል።

ዘይቱ የሚቀባው ካቴናው ከጉዞ በኋላ ለብ ብሎ ሳለ፣ ከታች በኩል በውስጠኛው ጎኑ፣ ጎማውን በእጅ እያሽከረከሩ ነው። ሞተር አስነስቶ መቀባት ጣት ሊያስቆርጥ ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።