ወፍጮው ሲቆም ማን ያስነሣዋል?

ወገኖቼ፣ ስለ ሙያ ትምህርት ከመናገሬ በፊት ያፈርኩበትን ላውጋችሁ። እኔ የብቸና ልጅ ነኝ። ፊደል ለማስቆጠር የወጣሁት በሞጣ በኩል ነው። እዚያ አንድ የናፍጣ ወፍጮ አለ። አንድ ቀን ኩሽኔታው ተሰበረና ቀጥ አለ። መካኒክ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ሴቶቹ እህሉን እንደ ተሸከሙ ተመለሱ፤ ሌሊቱን በመጅ ሲፈጩ አደሩ። ታዲያ አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቆሙኝና፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስትማር ወፍጮ ማስነሣት አላስተማሩህም?» አሉኝ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። የሩቅ አገር ወንዞችን ስም አውቃለሁ። ኩሽኔታ ግን በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። ዝም አልኩ።

የእኚህ እናት ጥያቄ ብዙ መንግሥታት ሲመክሩበት የኖሩት ጥያቄ ነው። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ማለት እጅና አእምሮ አብረው የሚማሩት ትምህርት ነው። ሞተር መፍታትና መግጠም፣ ብረት መበየድ፣ እንጨት ሥራ፣ ግንበኝነት፣ መብራት መዘርጋት፣ ይህ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

በአገራችን ጠላት ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ወደ ጎጃም ደግሞ በ1955 ዓ.ም. መጣ። ሶቪየት ኅብረት ረድታ ባሕር ዳር ላይ የፖሊቴክኒክ ተቋም ተቋቋመ። ሶቪየት ኅብረት ማለት ሩሲያና ጎረቤቶቿ አንድ ሆነው የኖሩበት መንግሥት ነበር፤ በ1984 ዓ.ም. ፈርሷል። በተቋሙ የእርሻ መሣሪያ፣ የብረት፣ የእንጨት፣ የኤሌክትሪክና የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ይሰጥ ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ለምን? በዚያው ከተማ ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስለ ነበረ ነው። ልብ በሉ፤ ትምህርቱ የተተከለው ከሥራው አጠገብ ነው። ያ ተቋም ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ነገር ግን ለብቸናና ለሞጣ ገበሬ ባሕር ዳር ሩቅ ነው። ከአብዮቱ በኋላ በየአውራጃው የሙያ ማሠልጠኛ ጣቢያዎች መከፈት የጀመሩትም ለዚህ ነበር። የገበሬ ማኅበራት ከመካከላቸው ሰው መርጠው ይልካሉ። የተላከው ሰው ቅጥቀጣ፣ አናጢነት፣ ሽመና ወይም ግንበኝነት ተምሮ ይመለሳል፤ በቀዬውም ሌላውን ያስተምራል። ስዊድንም፣ ዩኒሴፍን የመሰሉ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችም ረድተዋል። አሳቡ መልካም ነበር። ችግሩ ወዲያ ነው። ብዙው ሠልጣኝ የተመለሰው ባዶ እጁን ነው። መጋዝ የለ፣ መሮ የለ፣ መነሻ ገንዘብ የለ። እስቲ ፍረዱ፤ በሬ የሌለው ሰው እርሻ ቢያውቅ በምን ያርሳል? ከውጭ የሚመጣ እርዳታ ብዙ ጊዜ ቤት ሠርቶ መምህር ቀጥሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያስብለት ሰው ያንሳል ባይ ነኝ።

ዓለምም ይህን ቀስ እያለ ተማረው። ዩኔስኮ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት ድርጅት በ1982 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ስለ ቴክኒክና ሙያ ትምህርት የስምምነት ውል አወጣ። የሙያ ትምህርት ለሁሉም ያለ አድልዎ ይሰጥ፣ ከሥራም ጋር ይገናኝ የሚል ነው። ጀርመኖች ደግሞ የቆየ ልማድ አላቸው። ተማሪው በሳምንት ጥቂት ቀን ትምህርት ቤት ይውላል፤ የቀረውን ቀን ፋብሪካ ወይም ጋራዥ ገብቶ ይሠራል። ኢትዮጵያም ከጀርመን መንግሥት ጋር እየተረዳዳች ይህን ዓይነት አሠራር አስገባች።

ለእናንተ ዋናው ግን ይኸኛው ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የሙያ ሥልጠና መመሪያ፣ ሰው «የት ተማርክ?» ሳይሆን «ምን መሥራት ትችላለህ?» ተብሎ ይመዘን ይላል። ሙያውን ከአባቱም ይማረው ከትምህርት ቤት፣ ምዘናውን ካለፈ የብቃት ማረጋገጫ ወረቀት ያገኛል። ምዘናው ሁለት ወገን ነው። አንዱ በጽሑፍ ነው፤ ሌላው መሣሪያ ይዞ ሠርቶ ማሳየት ነው። ዝርዝሩን ከወረዳችሁ የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ይህን ስሰማ ትዝ ያሉኝ ያሉበት ቀበሌ ባለ እጅ ናቸው። ገበሬው ማረሻውንም ማጭዱንም የሚያሠራው ከእሳቸው ነው፤ ዘወር ሲሉ ግን «ቀጥቃጭ» ይላቸዋል። አፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ አልቀረም። ወፍጮው በተሠራ ዕለት እኒህ ሰው ቆመው ያዩ ነበር። መካኒኩ አዲሱን ኩሽኔታ በመዶሻ ሊመታው ሲል፣ «ቀስ፣ ልጄ! እንጨት ጣል አድርግበት፤ ብረት በብረት ከመታኸው ይሰነጠቃል» አሉት። መካኒኩም ዞር ብሎ አያቸውና እንጨት ፈለገ።

ማታ ትምህርት ላይ ስለ ምዘናው ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ብረቱን ለኔ ተወው፤ የሚያስቸግረኝ ጽሑፉ ነው» አሉ። ከዚያ ጠመኔውን አቀበሉኝና ሰሌዳው ላይ «ኩሽኔታ» ብዬ እንድጽፍላቸው አዘዙኝ።