ፒካፕ ያለው ቦክስ ጊታር ስንገዛ ምን እንይ?

እንደሚታወቀው በኮሌጃችን የምረቃ ቀን ወይም የአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሙዚቃውን ማን ይይዘዋል?» የሚል ነው። ኪቦርድ ከተገኘ ኪቦርድ ይመጣል። ክራር የሚችል ልጅ ቢኖርም ድምፁ ከፊተኛው ወንበር አያልፍምና ዳር ይቀመጣል። ዘንድሮ የሙዚቃ ክበባችን ከአባላት መዋጮ አንድ ጊታር ለመግዛት አስቧል። ብሩ ከተማሪ ኪስ የወጣ ነው፤ አንዴ ከወጣ በኋላ «እንቀይረው» ማለት የለም። ስለዚህ ስለ ጉዳዩ የማውቀውን ለክበባችንም ሆነ ለራሱ መግዛት ለሚፈልግ አንባቢ ለማካፈል ወደድሁ።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ እንይ። ቦክስ ጊታር የምንለው በሆዱ ባዶነት ድምፅ የሚሰጠውን ነው። ሊድ ጊታር ደግሞ ያለ አምፕሊፋየር እምብዛም አይሰማም። እኛ የምንፈልገው የሁለቱ መካከል ነው፤ ማለትም መብራት ሲኖር ከስፒከር ጋር የሚገናኝ፣ ሲጠፋም እንደ ማንኛውም ቦክስ ጊታር የሚሰማ። መርጡለ ማርያም ላይ መብራት በዝግጅት መሀል ድርግም ሲል ያየ ሰው ጥቅሙ ይገባዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ክሮቹ በሚያርፉበት በብሪጁ ላይ ባለችው ቀጭን አጥንት ሥር ፒዞ የሚባል ነገር ይቀመጣል። ፒዞ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ክሩ ሲርገበገብ ይጫነዋል፣ ይለቀዋል፤ ያ ግፊት ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ኃይሉ ግን በጣም ደካማ ስለሆነ ጊታሩ ጎን ላይ የተገጠመው ፕሪአምፕ በባትሪ እየታገዘ ያጎላዋል። የሊድ ጊታር ፒካፕ ማግኔት ስለሆነ የሚሠራው በብረት ክር ብቻ ነው። ፒዞ ግን ለናይለን ክርም ይሆናል። ጊብሰን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1954 ማግኔት የገጠመበት ቦክስ ጊታር ለገበያ አቅርቦ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የሄሊኮፕተር ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ቻርልስ ካማን ያቋቋመው ኦቬሽን ፒዞውን ከብሪጁ ላይ አደረገው። ዛሬ በየሱቁ የምናየው ሁሉ ማለት ይቻላል ይህንን መንገድ የተከተለ ነው።

መካከለኛ ዋጋ ስንል በውጭ ገበያ በግምት ከ250 እስከ 450 የአሜሪካ ዶላር የሚሸጠውን ማለታችን ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ በብር ሲሰላ ከባድ ገንዘብ ሆኗል። ታዲያ ይህ ሁሉ ብር የሚሄደው የት ነው?

መልሱ በዋናነት የጊታሩ ፊት ላይ ነው። ርካሹ ጊታር ፊቱ እንደ ኮምፔርሳቶ ተደራርቦ የተጣበቀ ነው። መካከለኛው ላይ ፊቱ አንድ ወጥ እንጨት ይሆናል። ወጥ እንጨት በነፃነት ስለሚርገበገብ ድምፁ ይሞላል፤ እየተጫወቱበት ሲሄዱም ይሻሻላል ይባላል። ለምሳሌ የያማሃ ኤፍጂኤክስ 800 ሲ እና የፌንደር ሲዲ-60 ኤስሲኢ ፊታቸው ወጥ ነው። የያማሃ ኤፒኤክስ 600 ደግሞ ድርብርብ ሆኖ ሆዱ ቀጭን ነው፤ ለመያዝ ይመቻል፣ በስፒከርም ደህና ነው፣ ያለ ስፒከር ግን ድምፁ ያንሳል። ሻጩ «ወጥ ነው» ካላችሁ የክቡን ቀዳዳ ጠርዝ ተመልከቱ። የእንጨቱ መስመር ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ ካለፈ ወጥ ነው፤ እንደ ሳንዱች ተነባብሮ ከታየ አይደለም።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ የሚከተሉትን ሳያዩ ብር አለመቁጠር ይበጃል።

አንደኛ፣ አንገቱ። አናት ላይ ያለችውን የመጀመሪያዋን ፍሬትና አንገቱ ከሆዱ የሚገናኝበትን ፍሬት አንድ ላይ ጫኑ። ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በብረቱ መካከል ወረቀት የምታህል ክፍተት ብቻ መኖር አለባት። ሰፊ ከሆነ አንገቱ ጎብጧል።

ሁለተኛ፣ የክሩ ከፍታ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ከ3 ካለፈ የጀማሪ ጣት ይቆስላል፤ ልጁም ይተወዋል።

ሦስተኛ፣ ቅኝቱ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ ነካ አድርጎ የሚወጣው ድምፅና ተጭነው የሚወጣው ድምፅ አንድ ካልሆኑ የዚያ ጊታር ቅኝት ችግር አለበት።

አራተኛ፣ ሶኬቱ። ሱቁ ስፒከር ከሌለው ለምኖም ቢሆን ማስመጣት ነው። ስድስቱም ክሮች እኩል መሰማት አለባቸው። ገመዱን ስታነቃንቁት ከተንጫጫ ጃኩ ችግር አለበት።

አምስተኛ፣ ባትሪው። አንዳንዱ ባለ 9 ቮልቱን አራት ማዕዘን ባትሪ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ለሬዲዮ በምንጠቀምበት በትንሹ ድንጋይ ይሠራል። ለገጠር ከተማ ሁለተኛው ይመረጣል፤ የትም ሱቅ ይገኛል። በብዙዎቹ ላይ ገመዱ ሲሰካ ባትሪው መሥራት ይጀምራል፤ ስለዚህ ተጫውቶ ሲያበቁ መንቀል ነው።

የአየሩ ጉዳይም አለ። ወጥ እንጨት በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ድርቀት ይኮማተራል፤ ችላ ከተባለም ይሰነጠቃል። በሽፋኑ ውስጥ አድርጎ ከፀሐይና ከምድጃ ማራቅ፣ በደረቁ ወራት እርጥብ ስፖንጅ በቀዳዳ ባለው የሳሙና ማስቀመጫ አድርጎ ከሽፋኑ ውስጥ ማኖር ይጠቅማል። ከአዲስ አበባ ከተገዛ ደግሞ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ስላለበት ክሩን ትንሽ ማላላት፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ፈጽሞ አለመጫን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንዳንድ ጓደኞቼ «ጊታር ከመጣ ክራሩ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። እኔ አልስማማም። የጊታር ስድስት ክሮች ምንም ሳይጫኑ ሲመቱ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው። ከሶል ጀምራችሁ ደርድሯቸው፤ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። ይኼ እኮ ሜጀር ትዝታ ነው! ክራር የለመደ ልጅ ጊታር ላይ ቶሎ ቤቱን ያገኛል ማለት ነው። ነገር ግን የጊታር ፍሬት ቦታው የተቸነከረ ነው። ክራር ደርዳሪ አንቺሆዬን ሲቃኝ በጆሮው የሚያገኛት ስስ ልዩነት ከፍሬቱ ላይ አትገኝም። ስለዚህ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ክራሩ ዳር የተቀመጠው ችሎታ አንሶት አይደለም፤ ሶኬት ስለሌለው ነው። ለዚህም መላ አለ። ከጊታሩ ሥር ያለው ፒዞ ዓይነት፣ ሳንቲም የምታህል ሆና፣ ለብቻዋ ትሸጣለች፤ ዋጋዋም ከጊታሩ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የክራሩ ብርኩማ አጠገብ በማጣበቂያ ተለጥፋ ከሚክሰሩ ጋር ትገናኛለች። ድምፁ ቢሳሳ በትንሽ ፕሪአምፕ ይታገዛል። ለንደን ያለው ክራር ኮሌክቲቭ የተባለው ቡድን ክራርን ከኤሌክትሪክ ጋር አገናኝቶ በትልልቅ መድረኮች ላይ ተጫውቷል። እኛስ በአንድ አዳራሽ ምን ያቅተናል?

ስለዚህ ለክበባችን ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው። ብዙ ቁልፍና መብራት ያለውን ትተን ፊቱ ወጥ፣ ፕሪአምፑ ቀላል የሆነውን እንግዛ። ቁልፍ ሲበዛ ብልሽቱም ይበዛል፤ የሚጠግነው ባለሙያ ደግሞ ሩቅ ነው። ከሚተርፈው ለክራሩ ፒዞ እንግዛለት። ያኔ በምረቃው ቀን ሁለቱም ልጆች እኩል ይሰማሉ።