ወደ ቆላ ስለሚላኩ የንግድ ቤት ሠራተኞች ጤንነትና ስለ አሠሪው ግዴታ

ክረምቱ ወጥቶ የሰሊጥ አዝመራ ሲደርስ የንግድ ቤቶች ገዥዎቻቸውን፥ ሚዛን ተቆጣጣሪዎቻቸውንና ሾፌሮቻቸውን ወደ መተማና ወደ ሑመራ መላክ የቆየ ልማዳቸው ነው። ለዚህ ጕዞ የሚያስፈልገው ዝግጅት ሁሉ በጥንቃቄ ይፈጸማል፤ ገንዘቡ ይቈጠራል፥ ጆንያው ይታሰራል፥ የመኪናው ጎማ ይመረመራል፥ የሠራተኛው ውሎ አበልም ተሠልቶ ይከፈላል። ሠራተኛው በሚሄድበት አገር ምን ዐይነት በሽታ ሊያገኘው እንደሚችል የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ የግዢው ወራትና የወባው ወራት መገጣጠማቸው ነው፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የወባ ትንኝ በብዛት የምትፈላበት ወቅት ነው።

ደገኛው ቆላን መፍራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች በሆነው ምድር ነው፤ ይሁን እንጂ የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ በሽታው ከዚህ ወሰን ዐልፎ ይወጣል። በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ በደጋውና በወይና ደጋው ላይ የተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንደ ያዘና 150,000 የሚሆኑትን እንደ ገደለ ተገምቷል። ይህ የጥንት ታሪክ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ፥ በቅርቡም በኤውሮፓ አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሙታን መመዝገባቸውን የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል። በደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው፥ ሰውነቱ ከበሽታው ጋር ስላልተለማመደ፥ ከቆላው ነዋሪ ይልቅ በብርቱ ይታመማል። ከአዲስ አበባ የሚላከው ጸሐፊ ወይም ገዥ እንግዲህ በዚህ ረገድ ከሁሉ የባሰ ዕጣ ያለው ሰው ነው።

ብዙዎች ሳያስተውሉት የሚቀር አንድ ነገር አለ። ትንኟ በነከሰችበት ቀን ሰው አይታመምም። ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ የወባ ዐይነት ብዙ ጊዜ ከሰባት ቀን በኋላ፥ አንዳንድ ጊዜም ከሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ይገለጣል። ስለዚህም ለዐሥር ቀን ግዢ የሄደው ሠራተኛ ደኅና ሆኖ ይመለሳል፥ ሒሳቡን ያወራርዳል፥ ትኵሳቱም የሚነሣበት በአዲስ አበባ ቤቱ ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ ጉንፋን ነው ብሎ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይተኛል፤ ወደ ሐኪም ቢሄድም ከቆላ መመለሱን ካልተናገረ ደሙ ለወባ ሳይመረመር ሊቀር ይችላል። ይህ በሽታ ግን ቀጠሮ አይሰጥም፤ ትኵሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ካልተገኘ ወደ አንጎልና ወደ ኵላሊት ሊያልፍ ይችላል። ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው ዐይነት ደግሞ በጕበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ፥ ለዚሁ የተለየው መድኀኒት በሐኪም ትእዛዝ ተወስዶ ካላለቀ ከወራት በኋላ እንደገና ያገረሻል። በየካቲት የታመመ ሠራተኛ የኅዳሩን ጕዞ ላያስታውሰው ይችላል፤ የጕዞውን መዝገብ የያዘው ቢሮ ግን ሊያስታውሰው ይገባል።

በሰሊጥ አገር የሚያስፈራው ወባ ብቻ አይደለም። ካላ አዛር የሚባለው በሽታ ከወባ ትንኝ እጅግ በምታንስ የአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል። ይህች ዝንብ በበጋ በሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር ውስጥና በግራር ሥር ትኖራለች፤ የምትናከሰውም ከምሽት ጀምሮ ሌሊቱን ነው። ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ሜዳ ላይ ስለሚያድር ዋና ተጠቂዋ እርሱ ነው። በመኪናው አጠገብ ምንጣፍ ዘርግቶ የሚያድረው ረዳትም ከእርሱ የተሻለ ቦታ የለውም፤ ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ተዘግቶ ሲተኛ የረዳቱን መኝታ የሚጠይቅ ማን አለ? በሽታው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር አድፍጦ ይቆይና ከሁለት ሳምንት በላይ የሚዘልቅ ትኵሳት፥ የሰውነት መክሳትና የጣፊያ ማበጥ ያመጣል። ካልታከመ ሰውን ይገድላል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች የተገኘው የካላ አዛር ወረርሽኝ አስቀድሞ መድኀኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር፤ ወደዚያም የገባው ከመተማና ከሑመራ እርሻ በተመለሱ ሠራተኞች አማካይነት ሳይሆን እንዳልቀረ ተገምቷል። ስለዚህ በዚያ በኩል ዐልፎ የመጣ ሰው ለወባ ታክሞ ካልተሻለው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ወደ መሰለ ይህን በሽታ ለይቶ ወደሚያውቅ ሕክምና ቤት መላክ ይገባዋል።

በምሥራቅ በኩል የሚሠሩ ቤቶችም ቢሆኑ ተዘልለው የሚቀመጡበት ጊዜ ዐልፏል። አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2012 በጅቡቲ፥ በ2016 ደግሞ በቀብሪ ደሃር ተገኝታለች። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ ለመጠጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ፥ በበርሜልና ለግንባታ በሚቀመጥ ገንዳ ውስጥ ትራባለች። በ2022 በድሬዳዋ ከተማ በደረቁ ወራት ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያቷ እርሷ መሆኗን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ስለዚህም በከተማ ሆቴል የሚያድር ሠራተኛ አጎበር አያስፈልገውም የሚለው አነጋገር ለድሬዳዋና ለጅቡቲ መንገድ አይሠራም።

ወደ ውጭ አገር ስለሚሄደው ነጋዴ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የቢጫ ወባ ክትባት አንድ ጊዜ ከተወሰደ፥ ከ2016 የኤውሮፓ ዓመት ጀምሮ የምስክር ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ ይጸናል፤ ነገር ግን ክትባቱ በተወሰደ በዐሥረኛው ቀን እንጂ በዕለቱ አይጸናም። ቲኬት ከተቈረጠ በኋላ ለክትባት የሚሮጥ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ ለምሳሌ ሕንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣውን ያለ ቢጫው ካርድ ብታገኘው እስከ ስድስት ቀን ለይታ ልታስቀምጠው ትችላለች።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞቹን ጤንነትና ደኅንነት በሚገባ ለመጠበቅ አስፈላጊውን ርምጃ እንዲወስድ ያዝዛል፤ በተለይም ሥራው ስለሚያስከትለው አደጋ ለሠራተኞቹ ተገቢውን መመሪያ እንዲሰጥና የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብላቸው ግዴታ ይጥልበታል። ያው ዐዋጅ ግን በአንቀጽ 98፥ ሥራው በሚሠራበት አካባቢ የሚገኙና የሚዛመቱ በሽታዎች፥ ሥራቸው እነዚያኑ በሽታዎች መከላከል ለሆነ ሠራተኞች ካልሆነ በቀር፥ በሥራ ምክንያት እንደ መጡ በሽታዎች እንደማይቈጠሩ ይገልጻል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ነጋዴዎች በመተማ ወባ ለያዘው ሠራተኛ ምንም ግዴታ የለብንም ይላሉ።

ይህ አነጋገር ሁለቱን አንቀጾች ማደባለቅ ነው። አንቀጽ 98 የሚናገረው በሽታው ከያዘ በኋላ በሥራ ላይ እንደ ደረሰ ጕዳት ካሣ ስለሚጠየቅበት ነገር ነው፤ አንቀጽ 92 ደግሞ በሽታው ሳይዝ አስቀድሞ ስለሚደረገው ጥበቃ ነው። የኋለኛው በር ስለ ተዘጋ የፊተኛው ተዘጋ ማለት አይደለም። እንዲያውም ሠራተኛው ካሣ መጠየቅ ካልቻለ በእጁ የሚቀረው ይኸው አስቀድሞ የሚደረገው ጥበቃ ብቻ ስለ ሆነ፥ አሠሪው በዚያ ላይ ቢቈጥብ በሰው ሕይወት መቈጠቡ ነው። በገንዘብም ቢታሰብ የሙከራ ጊዜውን የፈጸመ ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፥ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ እንዲያገኝ ሕጉ ፈቅዶለታል፤ የሚቀጥሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ስለዚህ የካላ አዛር ሕመምተኛ ሕክምናውን ፈጽሞ እስኪጠነክር ድረስ ኪሣራው በመጀመሪያ በድርጅቱ፥ በኋላም በሠራተኛው ቤተ ሰብ ላይ ይወድቃል። ረዳቱና የቀን ሠራተኛው ውል በጽሑፍ ስላልያዙ ከዚህ ሁሉ የወጡ የሚመስላቸውም አሉ፤ የጽሑፍ ውል አለመኖር ግን የሠራተኛውን መብት አያጠፋም።

የሚያስፈልገው ወጪ ከአንድ የመኪና ጎማ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለእያንዳንዱ ተጓዥ፥ ለረዳቱም ጭምር፥ በፀረ ተባይ የተነከረ አጎበር መስጠት የመጀመሪያው ነው፤ የአሸዋ ዝንብ ባልተነከረ አጎበር ቀዳዳ ሾልካ ልትገባ ስለምትችል መነከሩ ግድ ነው። ሁለተኛው ወደ ቆላ ለአጭር ጊዜ የሚወርደውን ደገኛ ከጕዞው በፊት ከሐኪም ጋር ማገናኘት ነው። ሐኪሙ የመከላከያ ክኒን ካዘዘለት፥ ዶክሲሳይክሊን የመሰለው ከተመለሱም በኋላ አራት ሳምንት የሚወሰድ ስለ ሆነ፥ ሠራተኛው ቤቱ በገባ ማግሥት እንዳያቋርጠው መንገር ያስፈልጋል። የመታከሚያ ገንዘብም ከውሎ አበሉ ተለይቶ ይሰጥ፤ አበሉ ለቤቱ የሚቈጥበው ስለ ሆነ ታምሞ እንኳ ሊነካው የማይፈልግ ብዙ ነው።

በመጨረሻም የጕዞ መዝገቡ የሄደበትንና የተመለሰበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ያደረባቸውን ቦታዎችም ይያዝ። ከመዝገቡ ላይ በአጭሩ ተገልብጦ ማኅተም የተደረገበት ወረቀት ለተመላሹ ይሰጠው፤ በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ውስጥ ትኵሳት ቢሰማው ለሐኪሙ የሚያሳየው ያንን ነው።