አራተኛዋ ወረዳ፦ ጉርዳስፑርና ከራቪ ማዶ የቀረው አገሯ

ጉርዳስፑር በሕንድ የፑንጃብ ግዛት በስተ ሰሜን፣ ከፓኪስታን ጋር የሚዋሰን አውራጃ ነው። በአንድ ወገን የራቪ ወንዝ፣ በሌላው ወገን የቢያስ ወንዝ ያጥሩታል። መሬቱ ሜዳና ለም ስለሆነ በብርዱ ወራት ስንዴ፣ በዝናቡ ወራት ሩዝ ይበቅልበታል፤ ሸንኮራ አገዳውም የታወቀ ነው። ሕዝቡ ፑንጃብኛ ይናገራል። ከወንዙ ማዶ ያሉት ፓኪስታናውያንም ቋንቋቸው ያው ነው፤ ልዩነቱ እነዚህ ከግራ ወደ ቀኝ በጉርሙኪ ፊደል፣ እነዚያ ከቀኝ ወደ ግራ በሻሕሙኪ መጻፋቸው ነው።

የእንግሊዝ ቅኝ የነበረችው ሕንድ ነፃ ወጥታ ሕንድና ፓኪስታን ተብላ እስከተከፈለችበት እስከ 1947 (እ.ኤ.አ.) ድረስ አውራጃው ጉርዳስፑር፣ ባታላ፣ ፓታንኮትና ሻካርጋር የተባሉ አራት ወረዳዎች ነበሩት። ከነዋሪው ከግማሽ በጥቂት የሚበልጠው ሙስሊም ስለነበር ብዙ ሰው አውራጃው ለፓኪስታን እንደሚደርስ ጠብቆ ነበር። ነፃነት በታወጀ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም በከተማው የተውለበለበው የፓኪስታን ባንዲራ ነው። ኦገስት 17 ቀን ድንበሩን እንዲወስን የተሾመው የእንግሊዛዊው የሕግ ባለሙያ የሰር ሲሪል ራድክሊፍ ውሳኔ ይፋ ሲሆን ግን ሦስቱ ወረዳዎች ለሕንድ ሆኑ፤ ከራቪ ማዶ ያለችው ሻካርጋር ብቻ ለፓኪስታን ሄደች። ራድክሊፍ ከዚያ ሥራ በፊት ሕንድን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ መስመሩን ለማስመር የተሰጠውም አምስት ሳምንት ያህል ነበር። ከሕንድ ወደ ካሽሚር የሚያደርሰው መንገድ በፓታንኮት በኩል ስለሚያልፍ ፓኪስታናውያን በዚህ ውሳኔ ላይ ያላቸው ቅሬታ እስከ ዛሬ አልበረደም። ቤቱን ጥሎ የተሰደደውና በመንገድ ላይ የተገደለው ሰው ለቅሶ ግን በሁለቱም ወገን አንድ ነበር።

ውሳኔው አንድ ሌላ ነገርም ይላል፤ ድንበሩ የወረዳዎቹ የቀድሞ ወሰን ነው እንጂ ወንዙ አይደለም። ራቪ ደግሞ በየጊዜው መሄጃውን የሚቀይር ወንዝ ነው። ስለዚህ ማካውራ ፓታን ከተባለው መሻገሪያ ወዲያ የሕንድ ሆነው ሳለ ከወንዙ ማዶ የቀሩ መንደሮች አሉ። ከኋላቸው ፓኪስታን፣ ከፊታቸው ውሃ ነው። በበጋ የሚያሻግራቸው ተንሳፋፊ ድልድይ የዝናቡ ወቅት ሲመጣ ይነሳል፤ ያን ጊዜ ተማሪውም፣ በሽተኛውም፣ ሞተር ብስክሌቱም በጀልባ ነው የሚሻገረው። መንደርተኞቹ ቋሚ ድልድይ ይሠራልን እያሉ ብዙ ዘመን ለምነዋል፤ እንደ እኔ ከሆነ ከዚህ የሚቀድም ሥራ በአውራጃው የለም።

የድንበሩ የሽቦ አጥር በ1980ዎቹ መጨረሻ መታጠር ሲጀምር ከትክክለኛው ድንበር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ተተከለ። በዚህ የተነሳ ብዙ ገበሬ እርሻው ከአጥሩ ወዲያ ቀረበት። ማሳው ላይ ለመድረስ በተወሰነ ሰዓት በሚከፈት በር መታወቂያ አሳይቶ፣ ተፈትሾ ይገባል፤ በሩ ሳይዘጋም መመለስ አለበት። ሸንኮራ አገዳን የመሰለ ረጅም ሰብል እዚያ መዝራት አይፈቀድለትም፤ ሰው ይደበቅበታልና።

አውራጃው ለሃይማኖት ታሪክ ያለው ስፍራ ከስፋቱ በላይ ነው። በእስልምና ውስጥ የተነሳውን የአሕመዲያ ንቅናቄ በ1889 የመሠረቱት ሚርዛ ጉላም አሕመድ የተወለዱትም የተቀበሩትም ቃዲያን በተባለችው ከተማ ነው። በክፍፍሉ ጊዜ አብዛኛው ተከታያቸው ወደ ፓኪስታን ሲሄድ 313 ሰዎች ቅዱሳን ቦታዎቹን ሊጠብቁ እዚያው ቀሩ። ዛሬ ሲኮችና ሂንዱዎች በሚበዙበት በዚህ አውራጃ በ2011 ቆጠራ ከመቶ ስምንት ያህሉ ክርስቲያን ነበር፤ ይህ በፑንጃብ ከፍተኛው ነው። በካላናውር ደግሞ አክባር በ13 ዓመቱ፣ በ1556፣ የሙጋል ንጉሥ ሆኖ የተሾመበት የጡብ መድረክ አሁንም ቆሟል።

ያም ሆኖ ጉርዳስፑሮች አብዝተው የሚናፍቁት በሄደችው በአራተኛዋ ወረዳ ያለውን ነው። የሕንድ ፊልም ወዳጆች የሚያውቁት ዴቭ አናንድ የተወለደው ሻካርጋር ነው። ሉና በተባለው የግጥም ድራማው በ1967 የሕንድን የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ ሽልማት ያገኘው ሺቭ ኩማር ባታልቪም የዚያው ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ በ1947 ወደ ባታላ ሲሻገር ገና ልጅ ነበር፣ የስሙንም መጨረሻ ያገኘው ከዚህችው ከተማ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ካርታርፑር አለ። የሲክ ሃይማኖት መሥራች ጉሩ ናናክ በመጨረሻ ዘመናቸው እያረሱ የኖሩት፣ በ1539ም ያረፉት እዚያ ነው። ሲያርፉ ሂንዱውም ሙስሊሙም የኛ ናቸው ብሎ ተከራከረ፤ አስከሬኑን የሸፈነው ጨርቅ ሲገለጥ ከሥሩ አበባ ብቻ ተገኘ ይባላል። እዚያ ባለው ቤተ ጸሎት ግቢ ውስጥ ለሁለቱም ወገን መታሰቢያ አለ፤ የመጣ ሁሉ ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ መሬት ላይ በረድፍ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቂጣውን ተቀብሎ በነፃ ይመገባል። ቦታው ከድንበሩ ከአምስት ኪሎ ሜትር አይርቅም። ቢሆንም የሕንድ ሲኮች ለብዙ ዓመታት በወዲህኛው ወገን ባለችው የድንበር ከተማ በዴራ ባባ ናናክ፣ ከፍ ካለ መድረክ ላይ በርቀት መነጽር እያዩ ነበር የሚሰግዱት።

ኖቬምበር 9 ቀን 2019 ያለ ቪዛ የሚያስገባው መተላለፊያ ተከፈተ። መንገደኛው ፓስፖርቱን አሳይቶ፣ ለፓኪስታን 20 ዶላር ከፍሎ፣ ጸልዮ በዚያው ቀን ይመለስ ነበር። በሁለቱ መንግሥታት መካከል ከተደረገው ሁሉ ተራው ሰው የተጠቀመበት እንዲህ ያለ ነገር ጥቂት ነው። ስምምነቱ በ2024 ለአምስት ዓመት ታደሰ፤ በሜይ 2025 ግን ሁለቱ አገሮች ሲታኮሱ ሕንድ መተላለፊያውን ዘጋች። በኦገስት ራቪ ሞልቶ የካርታርፑርን ግቢ አጥለቀለቀ፣ በወዲህኛው ወገን ያለውን የሩዝ ማሳም በላ። ፓኪስታናውያን ደለሉን ጠርገው ግቢውን ብዙም ሳይቆዩ ለጸሎት ከፈቱት፤ ከዴራ ባባ ናናክ በኩል ያለው መንገድ ግን ያን ጊዜም እንደተዘጋ ነበር።